የሞተር ዘይት፦ ኪሎ ሜትር ብቻ አይበቃም

እሷ፦ ጋራዥ ስንሄድ «በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ» እንባላለን። ለሁሉም መኪና ይሠራል?

እሱ፦ አይሠራም። የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ ነው፤ በሲንቴቲክ ዘይት 10,000 የሚፈቀድላቸው ሞተሮች አሉ። ግን መገናኛ ሰልፍ ይዞ የሚቆም ሚኒባስ ኪሎ ሜትር ሳይቆጥር ሞተሩ ይሠራል። የእሱ ዘይት ቶሎ መቀየር አለበት።

እሷ፦ አቧራውንም ጨምርበት። የዘይቱ መጥቆርስ?

እሱ፦ የናፍጣ ሞተር ላይ ወዲያው ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን እያጠበ ስለሚይዝ ነው። በቀለሙ አትፍረጂ።

እሷ፦ ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጠውስ?

እሱ፦ እኔ አልገዛም! ምን እንደተቀላቀለበት በምን ይታወቃል? የታሸገ፣ መመሪያው ያዘዘው ውፍረት የተጻፈበት ይሁን፤ ለምሳሌ 5ደብልዩ-30። ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር።

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ በየሳምንቱ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ትንሽ ከቆያችሁ በኋላ የዘይት መለኪያውን ስባችሁ እዩ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መሃል ይሁን።