የአእምሮ ሕመምም ሕመም ነው
(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ዝግጅት የተላለፈ ንግግር)

በየንባብ ጣቢያው የተሰበሰባችሁ፣ በየቤታችሁም ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ደብተርና እርሳስ ይዛችኋል? መልካም። ዛሬ ሁለት ቃላት እንጽፋለን። አንደኛው ቃል «እብድ» ነው። ሁለተኛው ቃል «ሕመምተኛ» ነው።

እ-ብ-ድ። ሦስት ፊደል ነው። ለመጻፍ ቀላል ነው። ለመናገርም ቀላል ነው። ልጆች መንገድ ላይ ድንጋይ አንሥተው «እብድ! እብድ!» ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል። ሕ-መ-ም-ተ-ኛ። ይሄኛው አምስት ፊደል ነው። ትንሽ ያስቸግራል። እስቲ ቀስ ብላችሁ ጻፉት። እስክትጽፉ እኔ ላውራችሁ። የማወራው የመጀመሪያውን ቃል ብዙ ዓመት ስለተሸከመ ሰው ነው። ሰውየው ታላቅ ወንድሜ ነው። እንዳወራም ፈቅዶልኛል።

ወንድሜ ያኔ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። እኔ 13 ዓመቴ ነው። በእርሻ፣ በአጨዳ የሚተካከለው አልነበረም። በዚያ ዓመት እህል ሲሰበሰብ እንቅልፍ አጣ። ሌሊት ተነሥቶ ግቢውን ይዞራል። ብቻውን ያወራል፤ ብቻውን ይስቃል። እናቴ ምግብ ስታቀርብለት «መርዝ አለበት» ይላል። ሰውነቱን መታጠብ ተወ። አንድ ቀን ማታ ልክ እንደ እናንተ ተሰብስበን ሬዲዮ እናዳምጥ ነበር። ወንድሜ ብድግ አለና «ስሜን እየጠራ ነው! እየሰደበኝ ነው!» ብሎ ሬዲዮኑን አንሥቶ ከግድግዳው ጋር አጋጨው። አባቴ ሬዲዮኑን የገዛው በግ ሸጦ ነበር። ያን ዕለት ግን ስለ ሬዲዮኑ ማንም አላዘነም።

ታዲያ ወንድሜ ይዋሽ ነበር? አይዋሽም። ድምፁን በእርግጥ ይሰማዋል። እኔ አሁን ስናገር እናንተ እንደምትሰሙኝ ሁሉ እሱም ይሰማዋል። ድምፁን የሚፈጥረው ግን የታመመው አእምሮው ነው። ሆድ ሲታመም ያቅለሸልሻል። አእምሮ ሲታመም ደግሞ የሌለ ድምፅ ያሰማል፣ የሌለ ጠላት ያሳያል። የዚህ ሕመም የሕክምና ስሙ ስኪዞፍሬንያ ነው። ስሙ ከባድ ነው፤ ዛሬ እንድትጽፉት አላስገድዳችሁም።

አባቴ ሰንሰለት ገዛ። ወንድሜን ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰረው። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁ ሌሊት ወጥቶ ወንዝ እንዳይገባ፣ ጅብ እንዳይበላው፣ ሰው ደብድቦ ደም እንዳያመጣ ፈርቶ ነው። ምን ያድርግ? ሌላ ነገር አያውቅም። ወንድሜ 7 ወር ታሰረ። እናቴ እዚያው ታበላዋለች፤ እዚያው ታጸዳዋለች። ሰንሰለቱ የበላው የቁርጭምጭሚቱ ጠባሳ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

በ7ቱ ወር ውስጥ ያልተሞከረ ነገር የለም። አንዱ በሬ ተሸጦ ገንዘቡ አዋቂ ቤት ገባ። ሁለት ጊዜ ጸበል ተወሰደ። ታላቅ እህቴ ታጭታ ነበር፤ የባል ወገኖች «ከዘራቸው አለ» ብለው እጮኛነቱን አፈረሱት። እህቴ ለወንድሜ እንጀራ ስታቀርብ ፊቷን ታዞር ነበር። በእሱ ተቆጣች። ከዓመታት በኋላ «ታሟል ብሎ የነገረኝ ቢኖር አልቆጣውም ነበር» አለችኝ።

«ከዘራቸው አለ» ስለሚባለው ነገር እውነቱን እናገራለሁ። ይህ ሕመም በቤተሰብ ውስጥ በመጠኑ ይወርዳል። ከ100 ሰው አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ይታመማል። ወንድም ወይም እህት የታመመበት ሰው ግን ከ100ው 9 ወይም 10 ያህሉ ሊታመሙ ይችላሉ። እስቲ ቀንሱ። 100 ሲቀነስ 10 ስንት ነው? 90። 90ዎቹ ደህና ናቸው። እህቴ ከ90ዎቹ አንዷ ናት። በኋላ አግብታ አራት ልጆች ወልዳለች።

ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ገደማ በቡታጅራና በአካባቢው አጥኚዎች ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለይተው አገኙ። ስኪዞፍሬንያ ከነበረባቸው ውስጥ ከዚያ በፊት የሕመሙን መድኃኒት የቀመሱት ከ10 ሰው አንድ እንኳ አይሞሉም። የቀሩት በየጓዳው፣ በየመንገዱ፣ በየጸበሉ ነበሩ። ሕክምናው ሩቅ ነበር። ለረጅም ዘመን በአገራችን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቢባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። ስሙን ሰው መቀለጃ አድርጎት «አንተን አማኑኤል ነው መውሰድ» ይባባላል። ለእኛ ቤት ቀልድ አልነበረም።

ወንድሜን ወደ ሕክምና ያደረሰው የአባቴ የክርስትና ልጅ ነው። ከተማ ሲነግድ እንደ ወንድሜ ያለ ሰው በመድኃኒት ድኖ አይቷል። «አባባ፣ በሬ ሸጠው አዋቂ ቤት ከሄዱ፣ ፍየል ሸጠው ሐኪም ቤት ይሂዱ» አለው። ከተማው ሆስፒታል ውስጥ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ ነበር። ነርሱ ወንድሜን አላሰረውም። «ምን ይሰማሃል?» ብሎ ጠየቀው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ጥያቄ ማናችንም ጠይቀነው አናውቅም።

መድኃኒት ተሰጠው። ለዚህ ሕመም የሚሆን መድኃኒት የተገኘው በ1944 ዓ.ም. ፈረንሳይ አገር ነው። ስሙ ክሎርፕሮማዚን ይባላል። ከዚያ በፊት በፈረንጅ አገርም ሕመምተኞች ይቆለፍባቸው፣ ይታሰሩ ነበር። እና ሰንሰለት የእኛ አገር ነውር ብቻ አይምሰላችሁ። ዛሬ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ። በየቀኑ ፍሬ መዋጥ ላስቸገረው ሰው በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌም አለ።

መድኃኒቱ እንደ ራስ ምታት ክኒን በአንድ ሌሊት አይሠራም። ወንድሜ በመጀመሪያው ሳምንት ተኛ፤ እንቅልፍ ብቻ። በሦስተኛው ሳምንት ሰንሰለቱ ተፈታ። በሁለተኛው ወር «ድምፁ ርቋል፤ ከወንዝ ማዶ እንዳለ ሰው ነው የሚሰማኝ» አለ። ደስታችን ግን ወዲያው ደፈረሰ። እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰውነቱ እንደ እንጨት ደረቀ። ምራቁ ይዝረበረባል። ጎረቤት «መድኃኒቱ ሊገድለው ነው» አለ። እናቴ መድኃኒቱን ልትጥል ተነሣች። ደግነቱ አባቴ ይዞት ወደ ነርሱ ሄደ። ነርሱ መጠኑን ቀነሰ፤ ለመንቀጥቀጡም ሌላ ፍሬ ጨመረለት። ተሻለው። መድኃኒት ሲያስቸግር መመለስ ያለብን ወደ ሰጠን ሰው ነው። መወርወር አይደለም።

ሌላው ችግር ብዙ የማይነገር ነው። መድኃኒቱ ያስርባል። ክረምት ገባ። ጎተራው ተራቁቶ ነበር። እኛ በቀን ሁለት ጊዜ በቆሎ ስንቀምስ ወንድሜን ረኀቡ አላስተኛ አለው። ከታናናሾቹ አፍ መንጠቅ ሆነበት። ስለዚህ መድኃኒቱን እየደበቀ ከፍራሹ ሥር ይከተው ጀመር። በአንድ ወር ውስጥ ድምፁ ተመለሰ። ነርሱ ሲሰማ አልተቆጣም። «ሐኪም መድኃኒት ያዝዛል፤ እንጀራ ግን አያዝዝም» ብሎ ተከዘ። እኔ ይህን ነገር እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ሕመምተኛ ያለበት ጎረቤት ካላችሁ በክረምት አንድ ቁና እህል ማበደር ሕክምና ነው።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። ከቤታችን ፊደል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የሐኪም ቤት ካርዱን የማነብ፣ «ጠዋት 1 ፍሬ፣ ማታ 2 ፍሬ» የምል እኔ ነበርኩ። 10ኛ ክፍል ጨርሼ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስሄድ ለእናቴ በቃል ነግሬ ሄድኩ። በቃል! ልጆችን ማንበብ ላስተምር እየሄድኩ ለእናቴ አንዲት ፊደል አላስቆጠርኩም። እናቴ ጠዋትን በአተር፣ ማታን በባቄላ እየለየች መድኃኒቱን ትሰጥ ነበር። የቀጠሮው ቀን ግን ካርዱ ላይ ነው። ካርዱን ለጎረቤት ልጅ እንዳታስነብብ አፈረች፤ «ወንድማቸው መድኃኒት ይውጣል» እንዳይባል። ቀጠሮው አለፈ። መድኃኒቱ አለቀ። ወንድሜ እንደገና ታመመ፤ ሰንሰለቱም ከተሰቀለበት ወረደ። እኔ የሰማሁት ለዕረፍት ቤት ስመለስ ነው።

በዚያ ክረምት እናቴን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጬ በከሰል አስተማርኳት። ከሁሉ በፊት የለየችው ቃል «ማታ» ነው። ማ-ታ። ከዚያ የወራቱን ስም፣ ከዚያ ቁጥሩን። አሁን እማማ ካርዱን ራሷ ታነባለች። መነጽር ገዝተንላታል።

ስለ ጸበል የምትጠይቁ አላችሁ። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ደርሶኛል። እኔ የማንንም እምነት አልነካም። መጠመቅ ለሚፈልግ ይጠመቅ፤ ዱዓ ማስደረግ ለሚፈልግ ያስደርግ። ወንድሜም ይጠመቃል። ነገር ግን መድኃኒቱን አቋርጦ አይደለም። «መድኃኒቱን ካልተውክ አትድንም» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ቃሉን ወስዳችሁ ሐኪሙንም ጠይቁ። ብዙ ካህናት ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ይናገራሉ። አረቄና ጫት ግን ከዚህ ሕመም ጋር አይስማሙም።

ሁሉም የአእምሮ ሕመም የወንድሜን አይመስልም። ድምፅ የማይሰማው፣ ልብሱን የማይጥል፣ ማንም የማያስተውለው ሕመምተኛ ብዙ ነው። ለሳምንታት ልቧ የከበዳት እናት አለች። ጠዋት መነሣት ያቅታታል፤ ወጡ አይጣፍጣትም፤ የወለደችውን ሕፃን ማየት ይከብዳታል። ሐኪም ቤት ስትሄድ ግን «ራሴን ያመኛል፣ ያቃጥለኛል» ነው የምትለው። ይህ ድባቴ ይባላል። ስንፍና አይደለም። ይህም ይታከማል፤ በመድኃኒትም፣ ከሠለጠነ ሰው ጋር በመነጋገርም። እንዲህ ያለ ሰው «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውን አትተዉት፤ የአረም መርዙንና ገመዱን ከአጠገቡ አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያ ይህን ሕመም ለማከም የሠለጠኑ ሠራተኞች አሉ። በሁሉም አይደለም፤ መድኃኒቱም የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቋት፤ የት እንዳለ ትነግራችኋለች። ስትሄዱ መቼ እንደጀመረው፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። አሁን መጻፍ ትችላላችሁ አይደል?

ወንድሜ ዛሬ ያርሳል። ሚስት አለችው። ሙሉ በሙሉ ድኗል ብዬ አልዋሻችሁም። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ድምፁ ይመጣል። ሲመጣ ለሚስቱ ይነግራታል፤ አብረው ወደ ሐኪም ይሄዳሉ። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አንብቤለት ነበር። ሁለት ቦታ አረመኝ። የታሰርኩት 6 ወር ሳይሆን 7 ወር ነው አለኝ። በሬዲዮ እንደማወራ ስነግረው ደግሞ ሳቀና እንዲህ አለኝ፤ «ተናገሪ። ስሜን ግን እንዳትጠሪ። ሬዲዮ ስሜን ሲጠራ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ።»

ደህና እደሩ።