ሚኒስትር በሕግ ፊት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ዛሬ የምናገረው ይህ ተረት ለማን እንደ ተሻረ፣ ለማንም እንዳልተሻረ ነው።

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ጅማ ስንጓዝ የጎጀብን ወንዝ እንሻገራለን። ልዑል ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ለጣልያን እጃቸውን የሰጡት በዚሁ ወንዝ አጠገብ ነበር። አብረዋቸው ከነበሩት የጥቁር አንበሳ አርበኞች ብዙዎቹ እንደ እኛ የተማሩ ወጣቶች ነበሩ፤ ከየካቲት 12 በኋላም አያሌዎቹ ተረሸኑ። በዚያን ጊዜ ግራዚያኒ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ሥራውን ያስታውቅ የነበረው ለቅኝ አገሮች ሚኒስትር ለአሌሳንድሮ ሌሶና ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥታችን ማስረጃ ሰብስቦ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበ። ኮሚሽኑም በ1940 ዓ.ም. ባዶሊዮን፣ ግራዚያኒንና ሌሶናን የሚያስከስስ ነገር መኖሩን ተቀበለ። ጣልያንም በ1939 ዓ.ም. በፈረመችው የሰላም ውል በጦር ወንጀል የሚከሰሱትን አሳልፋ እንድትሰጥ ግዴታ ገብታ ነበር። ዳሩ ግን የኑረምበርግ ፍርድ ቤት የጀርመንን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሪበንትሮፕን በ1939 ዓ.ም. በሞት ሲቀጣ፣ ለኢትዮጵያ ደም የቆመ ችሎት አልነበረም። ሌሶና ስለዚህ ነገር ሳይጠየቅ አርጅቶ በ1984 ዓ.ም. ሞተ።

አሩሻን ደግሞ እንመልከት። በዚያ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ችሎት የሩዋንዳ የቤተሰብና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስትር በነበረችው በፖሊን ኒራማሱሁኮ ላይ በ2003 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል የዕድሜ ልክ እሥራት ፈረደባት፤ በይግባኝም ቅጣቷ 47 ዓመት ሆነ። እንግዲህ ሚኒስትርን መክሰስ ይቻላል ማለት ነው።

በሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ሥራ የጀመረው በ1994 ዓ.ም. ነው። አገራችን የዚህ ፍርድ ቤት አባል አይደለችም። ለብዙ ዓመታት የከሰሰው አፍሪካውያንን ብቻ ነበርና፣ «የደካሞች መቅጫ ነው» የሚሉ አሉ። ቅሬታቸው መሠረት የለውም አልልም፤ የሌሶና ታሪክ ራሱ ይመሰክርላቸዋል። ነገር ግን ሌሶና ያመለጠው ችሎቱ በኃያላን ፈቃድ ብቻ ይቆም ስለ ነበረ ነው። በእኔ አስተያየት መፍትሔው ከፍርድ ቤቱ መራቅ ሳይሆን፣ ገብቶ ለትልቁም ለትንሹም እኩል እንዲፈርድ መታገል ነው። ከውጭ ቆሞ የሚያማርር ዳኛ አያስመርጥም።

ከመካከላችን ነገ በሥልጣን ወንበር የሚቀመጥ ይኖራል። ያ ሰው ብዕሩን ሲያነሣ፣ ትእዛዝ የፈረመ እጅ ከተኮሰው እጅ እኩል እንደሚጠየቅ ከዛሬ ጀምሮ ይወቅ።