በዶላር ወይስ በድርሃም?

አቅራቢ፦ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ዱባይ ሁለት ቀን አረፍ አላችሁ እንበል። ዴይራ ወርቅ ገበያ ገብታችሁ ለእናታችሁ ጉትቻ መረጣችሁ፤ ተከራክራችሁም በ500 ድርሃም ተስማማችሁ። የአሜሪካ ካርዳችሁን ስትሰጡ ሻጩ የመክፈያ ማሽኑን ወደ እናንተ ያዞራል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፦ 500 ድርሃም ወይም 143 ዶላር።

ዶላሩን ስለምናውቀው ጣታችን ቶሎ ወደዚያ ይሄዳል። ቆይ!

ድርሃም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮ አንዱን ዶላር በ3.6725 ሒሳብ ይዞ የቆመ ገንዘብ ነው። በዚህ ተመን 500 ድርሃም 136 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ነው። ታዲያ ሰባቱ ዶላር ገደማ የት ገባ? የመነዘረው የእናንተ ባንክ ሳይሆን ከማሽኑ ጀርባ ያለው የክፍያ ድርጅት ነው፤ የራሱን ትርፍ ተመኑ ላይ ጨምሮበታል። ሻጩም ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ «ዶላሩ ይሻልሻል እህቴ» ማለቱ ለዚህ ይሆናል።

ስለዚህ ድርሃሙን ንኩ። ኤቲኤምም ያንኑ ጥያቄ ያመጣል፦ «በዚህ ምንዛሪ ይስማማሉ?» አልስማማም በሉት። ገንዘቡን አይከለክላችሁም፤ ባንካችሁ ራሱ ይመነዝረዋል። አንዳንድ ካርድ ግን በውጭ አገር ክፍያ ላይ 3 በመቶ ገደማ ስለሚቆርጥ ሳትነሱ ባንካችሁን ጠይቁ።

ሻጩ ሳያማክራችሁ በዶላር ከቆረጠስ? እዚያው ቆማችሁ ክፍያው ተሰርዞ በድርሃም እንዲሠራ ጠይቁ። እኔ አንዴ ሻይ ስለጋበዙኝ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም ብዬ ወጥቻለሁ።