ስለ አንድ አዲስ ንጥረ ነገር፤ የዳገት አፈር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ጨዋታን የሚመለከት ነው። ጨዋታ ነው ብላችሁ እንዳትንቁብኝ ግን እለምናለሁ።

«ፓውደር ቶይ» የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አሸናፊና ተሸናፊ የለበትም። ተጫዋቹ አሸዋ፣ ውሃና እሳት በስክሪኑ ላይ ይበትናል፤ እያንዳንዱም ቅንጣት የተሰጠውን ሕግ ይከተላል። አሸዋ ወድቆ ይከመራል፤ ተክል የነካውን ውሃ ወደ ተክል ይለውጣል፤ የሸክላ ዱቄት ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይቦካል። ኮዱም ለሁሉ ክፍት ነውና የፈለገ ሰው አዲስ ንጥረ ነገር ሊጨምርበት ይችላል።

እኔም የዳገት አፈር እንጨምርበት እላለሁ። ከዲላ ወደ ቡሌ ሽቅብ የሄደ ሰው እንደሚያየው፣ የጌዴኦ ገበሬ የሚያለማው ተዳፋቱን ነው። ከትልልቅ ዛፍ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና ይተክላል፤ ወደ ደጋው ሲወጣ ቡናው እየቀረ እንሰትና ገብስ ይበዛሉ። ይህ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ጭቃ ያቦካ ሁሉ እንደሚያውቀው አፈር ሲደርቅ ይበናል፤ ልኩን ሲጠጣ ይያያዛል፤ ሲበዛበት ይፈሳል። ጥቂት ውሃ በቅንጣቶቹ መካከል ስስ ሽፋን ሆኖ ይስባቸዋል። ክፍተቱ ሁሉ ሲሞላ ግን ያ መሳሳብ ይቀራል፤ የውሃው ግፊትም ቅንጣቶቹን ያላቅቃቸዋል።

ስለዚህ የማቀርበው ሕግ ይህ ነው። እያንዳንዱ የአፈር ቅንጣት ከ0 እስከ 10 የሚቆጠር የውሃ መጠን ይኑረው። እስከ 2 ድረስ እንደ አሸዋ ይውረድ፤ ከ3 እስከ 7 ጎረቤቱን ይያዝ፤ ከ8 ጀምሮ ይፍሰስ። በጠጣው ልክ ክብደቱ ይጨምር፤ ከበታቹ ላለው ደረቅ ጎረቤትም በየዙሩ ጥቂት ያካፍል። ሥር የነካው ቅንጣት ደግሞ እስከ 9 ድረስ ይጽና። ነገር ግን ሥር የሚይዘው እስከ ደረሰበት ድረስ ብቻ ነው፤ ውሃው ከሥሩ በታች ከተጠራቀመ ዳገቱ ከነዛፉ ይሄዳል።

ይህን ያህል ስለ ምን ደከምህ ትሉኝ ይሆናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡና በሁለተኛው ናዳ የተያዙ ናቸው። አንድ ጊዜ የወረደ ዳገት ውሃውን ገና አልጨረሰም። ይህን በቃል ከመናገር ይልቅ፣ ተማሪው በገዛ እጁ ዝናብ አዝንቦ፣ ዝናቡን አቁሞ፣ ከዚያ በኋላ ዳገቱ ዳግመኛ ሲናድ ቢያይ ይበልጥ ይገባዋል።

እርግጥ ነው፣ ጨዋታው የማንንም ቤት ደኅንነት ሊመሰክር አይችልም። የእውነተኛ ዳገት ነገር ዐለቱን፣ ጥልቀቱንና ቁልቁለቱን መለካት ይጠይቃል። ጨዋታው የሚያስተምረው መጠርጠርን ነው።

እንግዲህ ኮድ መጻፍ የሚችሉ፣ ስለ አፈር የተማሩ፣ ዳገቱንም በእግራቸው የሚያውቁ ጓደኞች ሁሉ ይምጡ። ቁጥሮቼን አርሙልኝ፤ ሕጉን አብረን እንጻፈው።