ባሕሩን ስናዳምጥ



ዛሬ ስለ ሥራችን እንድንናገር ተጠይቀን ነበር። ሪፖርቱን በጽሑፍ አቅርበናልና ስላረፍንበት አንድ ቀን ልንነግራችሁ ወደድን።

ባለፈው ኅዳር፥ ከሥራ ብዛት የተነሣ እርስ በርሳችን በወጉ መነጋገር ባቃተን ጊዜ፥ ከሳን ሆዜ ተነሥተን በካሊፎርኒያ ጠረፍ ቢግ ሰር ወደሚባለው አገር ወረድን። ወደ ፋይፈር የባሕር ዳርቻ የሚያስገባው ጠባብ መንገድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቀላሉ ስለማይታይ ሁለት ጊዜ አልፈነው ተመለስን። የሥራ ቀን በመሆኑ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

አሸዋው አልፎ አልፎ ሐምራዊ ነው፤ ማንጋኒዝ ያለበት ጋርኔት የተባለ ማዕድን ከኮረብታው ታጥቦ ስለሚወርድ ነው። ባሕሩ ውስጥ መካከሉ እንደ በር የተፈለፈለ ትልቅ አለት ቆሟል። ማዕበሉ በዚያ በር ሲገባ ያጓራል፥ ወዲያው ነጭ አረፋ ሆኖ ይፈነዳል።

አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን፤ ውኃ ሲባል የምናስበው ምንጭና ወንዝ ነው። ስለዚህ ዓይናችንን ጨፍነን ብዙ አዳመጥን። ማዕበሉ ሲሰበር እንደ ነጎድጓድ ነው፤ ሲመለስ ግን ጠጠሩን እየጎተተ፥ በሰፌድ ላይ ሽምብራ ሲንገዋለል የሚሰማውን ድምፅ ያሰማል። ከዚያ አረፋው ይሾከሾካል፤ ይህ በውኃው የታፈነው አየር በጥቃቅን አረፋዎች ውስጥ ሲርገበገብ የሚሰማ ነው። በክረምት ወራት የሚመጣው ትልቁ ሞገድ የሚወለደው በሰሜን ፓስፊክ ማዕበል ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ፥ የውኃው ጥልቀት ከቁመቱ ጋር ሲቀራረብ ይሰበራል። እኛ ጋ ነፋስ አልነበረም፤ ባሕሩ ግን ይናወጥ ነበር።

በዚያ ጠረፍ ጀርባን ለባሕር መስጠት ክልክል ነው ይባላል። አንዱ ወንድማችን ግን ፎቶግራፍ ሊያነሣን ዞረ። ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ሞገድ መጣና ጉልበቱን መትቶ ጣለው፥ ወደ ውስጥም ጎተተው። በካፖርቱ ይዞ ያስቀረው፥ ስለ መጋዘን ቁልፍ ተጣልተው ለሦስት ሳምንት ሰላምታ የነፈገው ባልንጀራው ነበር።

ውኃው እጅግ ይበርዳል። አንድ ጫማ ባሕሩ ወሰደ። ሁለቱ በመኪናው የኋላ ወንበር አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው፥ ከፔርሙዝ ቡና እየተቀባበሉ ጠጡ። እስከ ሞንተሬይ ድረስ አንድም ቃል አልተነጋገሩም፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ጠፋው ጫማ ሲከራከሩ ሰማናቸው፥ እኛም መስኮቱን ዘጋንላቸው።