በቁልፍ የሚመጣ ሳቅ

እሷ፦ «ማሽ»ን ታስታውሰዋለህ? ስለ ኮሪያ ጦርነት ሐኪሞች የሚያወራውን የአሜሪካ ኮሜዲ?

እሱ፦ በፈረንጆቹ ከ1972 እስከ 1983 በሲቢኤስ የታየው! እንዴት ይረሳል!

እሷ፦ አዘጋጆቹ የተቀዳ ሳቅ አንፈልግም ቢሉም ጣቢያው አስገባባቸው።

እሱ፦ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ግን የለም እኮ።

እሷ፦ አዎ፣ ተከራክረው ያገኙት እሱን ነው። ሐኪሙ እጁ በደም ተነክሮ ሲቀልድ ማንም አይስቅም። አንጀት የሚበላው ያኔ ነው።

እሱ፦ ልክ ነሽ። ግን ሳቅ ሁሉ አይኮነን። «አይ ላቭ ሉሲ» በ1951 ሲጀምር በሦስት ካሜራ፣ ተመልካች ፊት ነበር የሚቀረጸው።

እሷ፦ እሱማ የሰው ሳቅ ነው! እኔ የምለው ቻርሊ ዳግላስ በሠራው ማሽን፣ ቁልፍ እየተጫኑ የሚያስገቡትን ነው።

እሱ፦ ብቻውን ለሚያይ ሰው ግን አጃቢ ይሆነዋል።

እሷ፦ ይሁን፤ የቱ ጋ እንደምስቅ ግን ለእኔ ይተዉልኝ።