ምስል የማያሳይ ሞኒተር፤ አመራመሩና የባለሙያው ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ለጥገና ክፍል ከሚቀርቡት አቤቱታዎች ሁሉ አጭሩም አሳሳቹም «ምስል የለም» የሚለው ነው። ባለ ንብረቱ ይህን ሲናገር ያየውን በትክክል ተናግሯል፤ ስክሪኑ ጨልሟል። ይሁን እንጂ የተናገረው የበሽታውን ምልክት እንጂ በሽታውን አይደለም። «ራሴን ያመኛል» ያለውን ሰው ሐኪም ወዲያውኑ ለቀዶ ሕክምና እንደማያዘጋጀው ሁሉ፣ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያም ጨለማ ስላየ ብቻ ሞኒተሩ ተበላሽቷል ብሎ ሊፈርድ አይገባውም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች አባባል ለዚህ ሙያ የተነገረ ያህል ይስማማዋል።

ለምሳሌ ያህል፣ በማንኛውም መሥሪያ ቤት ሊደርስ የሚችል ነገር ይታሰብ። አንድ የሥራ ክፍል ከፎቅ ወደ ምድር ቤት ተዛውሯል እንበል። ዕቃው ተጓጉዞ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ማራገቢያው ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። የተጠራው ባለሙያ የሞኒተሩን ቁልፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጫነ በኋላ «ሞኒተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ፈርሞ ይሄዳል። የግዢ ጥያቄ ይጻፋል፤ የዋጋ ማቅረቢያ ይሰበሰባል፤ ጸሐፊዋ ሥራ ፈትታ ትሰነብታለች፤ ባለ ጉዳዩም «ነገ ተመለስ» እየተባለ ይመላለሳል። በመጨረሻ አዲሱ ሞኒተር ሲመጣ እርሱም አንዳች አያሳይም። ነገሩ ሲመረመር፣ በማጓጓዙ ጊዜ የማስታወሻው ካርድ፣ ማለትም ራሙ፣ ከማስገቢያው በጥቂቱ ተነቃንቆ ኖሯል። በጣት ተጭኖ በቦታው ሲቀመጥ አሮጌውም አዲሱም ሞኒተር ይሠራሉ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ይህ ነው። ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ ሳለ፣ ፍርዱ በዐይን በሚታየው በሞኒተሩ ላይ ወደቀ።

በዚህ ምሳሌ የጠፋው የአንድ ሞኒተር ዋጋ ብቻ አይደለም። የሥራ ጊዜ ጠፍቷል፤ ጤነኛ መሣሪያ ከጥራጊ ጋር ወደ መጋዘን ሊጣል ተቃርቦ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በባለሙያው ቃል ላይ የነበረው እምነት ተጎድቷል። ስለዚህ የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ የጨለመ ስክሪን ተከሳሽ ሳይሆን ምስክር ነውና፣ ከመፈረድ በፊት ሊጠየቅ ይገባዋል።

ምስክሩን ለመጠየቅ በቅድሚያ የምስልን ጉዞ ማወቅ ያሻል። ምስሉ የሚዘጋጀው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው። ከዚያ በገመድ በኩል ወደ ሞኒተሩ ዋና ቦርድ ይደርሳል። ቦርዱም ምልክቱን አስተካክሎ ለፓነሉ ያከፋፍላል። በዛሬዎቹ ኤልሲዲ ሞኒተሮች ፓነሉ በራሱ ብርሃን የለውም፤ ከጀርባው የሚመጣውን ብርሃን በየነጥቡ ያሳልፋል ወይም ይከለክላል እንጂ። ይህ ሁሉ እንዲሆን ደግሞ ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው ኃይል በሞኒተሩ ፓወር ሰፕላይ በኩል ተስተካክሎ መድረስ አለበት። እንግዲህ ኃይል፣ ምልክት፣ ፓነልና የጀርባ ብርሃን አራቱ ምሰሶዎች ናቸው። ከአራቱ ማናቸውም ቢወድቅ ለተመልካቹ ዐይን ውጤቱ አንድ ነው፤ ጨለማ። የባለሙያው ተግባር አንዱን ጨለማ ከሌላው ለይቶ ማወቅ ነው።

ይህን ለመለየት የመጀመሪያው መረጃ ያለ አንዳች መሣሪያ ይገኛል። በሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ጨርሳ ካልበራች ጥያቄው የኃይል ነው። መብራቷ በርታ፣ ስክሪኑም «ምልክት የለም» የሚል ጽሑፍ ካሳየ፣ ሞኒተሩ ከፍተኛ ምስክርነት ሰጥቷል ማለት ነው። ጽሑፉን ለማሳየት ኃይል ያስፈልገዋል፤ ፓነል ያስፈልገዋል፤ የጀርባ ብርሃን ያስፈልገዋል። ሦስቱም ካሉት፣ ጥፋቱ ወደ ገመዱ፣ ወደ ኮምፒዩተሩ፣ ወይም ምልክቱ ወደሚገባበት ቀዳዳ ይጠጋል። ይህን ጽሑፍ እያየ ሞኒተሩን የሚፈታ ባለሙያ፣ «እዚህ የለም» የተባለበትን ቤት የሚፈትሽ ሰው ይመስላል። መብራቷ ቀለሟን ለውጣ ወይም ብልጭ ድርግም እያለች ስክሪኑ ከጨለመ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞኒተሩ ምልክት አጥቶ ተኝቷል።

ሞኒተር ይህን ቋንቋ የተማረው በቅርብ ዘመን ነው። ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1897 የካቶድ ሬይ ቱቦን ከሠራ ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት ማሳያ ማለት የተላከለትን የሚቀበል ዕቃ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 አይቢኤም ባወጣው ቪጂኤ በተባለው ሥርዓት፣ ባለ 15 እግር መሰኪያ በዓለም ተስፋፋ። በዚህ ገመድ የአንዱን ቀለም መስመር የያዘው እግር ቢጣመም የሚጠፋው ያ ቀለም ብቻ ነው። ምስሉን አግድምና ቁልቁል የሚያጣጥሙት 13ኛውና 14ኛው እግሮች ቢቋረጡ ግን ምስሉ በሙሉ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የኃይል ቁጠባ ደንብ ተደነገገና ሞኒተር ምልክት ሲያጣ መተኛትን ተማረ። በ1994 ደግሞ የሚችለውን የምስል መጠን ለኮምፒዩተሩ መንገር ጀመረ። ኤችዲኤምአይ በተባለው ባለ 19 እግር መሰኪያ፣ ሞኒተር መኖሩን ለኮምፒዩተሩ የሚያሳውቀው 19ኛው እግር ነው። እርሱ ከተቋረጠ ኮምፒዩተሩ ሞኒተር መኖሩን ላያውቅ፣ ስለዚህም ምስል ላይልክ ይችላል። እንግዲህ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ መነጋገር ሲጀምሩ፣ አለመግባባት የሚባል አዲስ የጨለማ ምክንያት አብሮ ተፈጥሯል።

ከዚህ በመነሣት የምርመራው ቅደም ተከተል ዋጋ ከማይጠይቀው ወደሚጠይቀው፣ ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ አለበት። በመጀመሪያ ሶኬቱና ማከፋፈያው ኃይል ያላቸው መሆኑ በሌላ ዕቃ ይረጋገጣል። ቀጥሎ የኃይሉም የምስሉም ገመድ በሁለቱም ጫፍ ተነቅሎ፣ እግሮቹ ታይተው፣ በሚገባ ይሰካል። ከዚያ በሞኒተሩ ላይ የተመረጠው መግቢያ ገመዱ የተሰካበት መሆኑና ብርሃኑ እስከ መጨረሻ አለመቀነሱ ይታያል። ይህ ሁሉ ሳይረዳ ሲቀር መለዋወጥ ይከተላል፤ መሥራቱ በተረጋገጠ ገመድ፣ ከዚያ መሥራቱ በተረጋገጠ ሞኒተር፣ በመጨረሻም የተጠረጠረውን ሞኒተር በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በመሞከር። በዚህ ጊዜ የሚጠበቀው ሕግ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሁለት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ባለሙያ መሣሪያውን ቢያድነውም ምክንያቱን አላወቀም፤ ምክንያቱን ያላወቀም ነገ ያንኑ ችግር እንደ አዲስ ይጀምረዋል።

ምርመራው ወደ ኮምፒዩተሩ ካመራ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ኮምፒዩተሩ ሕይወት አለው ወይ የሚለው ነው። የማራገቢያው መዞር ለዚህ በቂ መልስ አይደለም። በኪቦርዱ ላይ ያለው የትልልቅ ፊደል ቁልፍ ሲነካ መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ አብዛኛውን ጊዜ እየሠራ ነው። ካልሆነ ራሙ ወጥቶ መገናኛው ተጠርጎ ይመለሳል፤ ሲነሣ የሚያሰማው የጩኸት ምልክትም ካለ ተቆጥሮ ከአምራቹ መመሪያ ጋር ይመሳከራል። የግራፊክስ ካርድ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ገመዱ በስሕተት በማዘርቦርዱ መሰኪያ ላይ የተሰካ እንደሆነም ማየት ይገባል፤ ይህ በልምድ ደጋግሞ የሚያጋጥም ስሕተት ነው። መጀመሪያ የአምራቹ ዓርማ ታይቶ በኋላ የሚጨልም ከሆነ ደግሞ፣ ገመዱም ሞኒተሩም መሥራታቸው ስለ ተመሰከረ፣ ነገሩ ከፕሮግራሙ አንጻር፣ በተለይም ሞኒተሩ ከማይችለው የምስል መጠን አንጻር ይመረመራል።

ጥፋቱ በእርግጥ ከሞኒተሩ ከሆነ፣ ሳይከፈት ሊደረግ የሚችል አንድ ጥሩ ፈተና አለ። ክፍሉን ጨለም አድርጎ በስክሪኑ ላይ የእጅ ባትሪ በቅርብና በሰያፍ ማብራት ነው። በባትሪው ብርሃን ደብዛዛ ምስል ከታየ፣ ፓነሉም ምልክቱም ደኅና ናቸው፤ የጠፋው የጀርባው ብርሃን ነው። በቆዩት ኤልሲዲዎች ይህ ብርሃን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚጠይቅ ቀጭን የፍሎረሰንት አምፑል ነው፤ በአዲሶቹ ደግሞ ኤልኢዲ ነው። በቆዩት ላይ ምስሉ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ የአምፑሉ ወይም የማንቀሳቀሻው ሰርኪዩት ድካም በብርቱ ይጠረጠራል።

ትንሿ መብራት ጨርሳ ባልበራችበት ጊዜ፣ ሶኬቱና ገመዱም ደኅና ሆነው ሲገኙ፣ ተጠርጣሪው ፓወር ሰፕላዩ ነው። እዚያ ከሚደክሙት ክፍሎች ዋናው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ሲሆን፣ አናቱ ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያወጣ ከሆነ መታመሙ በዐይን ይታወቃል። የዚህ ክፍል ዕድሜ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ የአየር መውጫውን አቧራ ማጽዳት ራሱን የቻለ ጥገና ነው። በአገራችን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዋዥቅ ስለሚችል፣ መሣሪያውን ነቅሎ ኃይሉ እስኪረጋ መታገሥና ስታብላይዘር መጠቀም ይመከራል። የተቃጠለ ፊውዝም በተመሳሳይ መጠን ፊውዝ ብቻ ይተካል፤ በፊውዝ ቦታ ሽቦ ማሰር እሳትን ቤት መጋበዝ ነው።

በዚህ ላይ ስለ ሕይወት ጥንቃቄ ማንሣት ግድ ነው። የ220 ቮልት ኃይል በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ሲቀና ወደ 310 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በትልቁ ካፓሲተር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የቆየ የቀለም ካቶድ ሬይ ቱቦ ከሆነ ደግሞ እስከ 25,000 ቮልት ገደማ ይሸከማል፤ ከጠፋም በኋላ ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ካፓሲተሩ በተገቢው መንገድ ባዶ መሆኑ በመልቲሜትር ሳይረጋገጥ እጅ አይገባም፤ ለዚህ ያልሠለጠነም አይከፍትም። ከማንኛውም ሞኒተር የባለሙያው ሕይወት ይበልጣል።

በመጨረሻ የሚቀረው የቃል ነገር ነው። በጥገና ሪፖርት ላይ «ተበላሽቷል» የሚል አንድ ቃል መጻፍ ምርመራ አይባልም። ምን እንደ ተሞከረ፣ ምን እንደ ታየ፣ ከምን መደምደሚያ እንደ ተደረሰ ሊጻፍ ይገባል። የአሮጌ ቱቦ መስታወት እርሳስ፣ የአሮጌ አምፑልም ሜርኩሪ ስላለው፣ ያለ በቂ ምክንያት የተጣለ ሞኒተር ከገንዘብ ኪሳራ በላይ ለአፈርና ለውሃ ዕዳ ነው። ገመዱ ወልቆ ብቻ ከተገኘም፣ «ገመዱ ወልቆ ነበር» ብሎ በግልጽ መናገር፣ ባለ ንብረቱንም ሳያሳፍሩ አሰካኩን ማሳየት የሙያው ክብር ነው። እንዲህ ያደረገ ባለሙያ የዚያን ዕለት ክፍያው ቢያንስም፣ በሌላ ቀን «ይህ በእርግጥ መለወጥ አለበት» ሲል የሚታመን ቃል ይኖረዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ አንድ ቀን የቀረው ተማሪም ሆነ የሕሙማን ካርድ የምታወጣው የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፣ በጨለመው ስክሪን ፊት ቆመው የሚጠብቁት ይህንኑ የታመነ ቃል ነው።